ከካርቡራቶሩ በፊት ካንዴላው ይጠየቅ

ፎገራ ላይ ሩዙ ታጭዶ ከተነሣ በኋላም ሜዳው ሥራ አይፈታም። ታኅሣሥ ላይ ለሽንኩርት የሚሆነው መደብ ይወጣል፤ ከዚያ እስከ ሚያዝያ ድረስ በርብና በጉማራ ወንዞች ግራና ቀኝ የውኃ ሞተሮች ሲያጓሩ ይውላሉ። በ1970ዎቹ በጅግናና በሻጋ ተሞክሮ ሜዳውን ያለበሰው ሩዝ የክረምቱ ጌታ ነው፤ የበጋውን ምርት ያቆመችው ግን ሁለት ሰው አንሥቶ ከማሳ ማሳ የሚያዞራት ትንሽ ሞተር ናት። ወደ ጣና ዳር፣ ወደ ናበጋና ዋገጠራ ለሚወርድ ደግሞ ሌላዋ ትጠብቀዋለች፤ ከጀልባ ኋላ የምትንጠለጠለው።

ሁለቱም እምቢ ሲሉ ምክንያታቸው ብዙ ጊዜ ከሁለት አይወጣም፤ ወይ ነዳጅ ነው፣ ወይ እሳት።

በወረታ መንገድ ዳር መፍቻና ካቻቪቴ ዘርግቶ ሥራ የጀመረ ወጣት በዝቷል፤ ደግ ነው። አንድ ልማድ ግን ቢተው ይበጀዋል። ሞተር ሲመጣለት እጁ በቀጥታ ካርቡራቶሩ ላይ ያርፋል። ካርቡራቶር ሲፈታ ደግሞ ጁንቶ ይቀደዳል፣ ትንሿ መርፌ ትጠፋለች፣ ጤነኛው ነገር ሌላ ሕመም ይዞ ይገጠማል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ምንም ብሎን ሳይነካ የሚታዩ ነገሮች አሉ፤ ማጥፊያው ክፍት መሆኑ፣ የነዳጁ ቧንቧ መከፈቱ፣ የዘይቱ ልክ።

ዘይቱ ቀላል ነገር እንዳይመስለው። እንደ ሆንዳ ጂኤክስ 160 ያሉት ባለ 5.5 ፈረስ ጉልበት ሞተሮችና ከቻይና የሚገቡት አምሳያዎቻቸው የሚይዙት ዘይት 0.6 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ዘይት ሲያንስ እሳቱን የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ ውስጣቸው አለ። ገበሬው ሞተሩን በርብ አፋፍ ላይ አዘንብሎ ሲያስቀምጠው ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ መቆጣጠሪያውም አለቀ ብሎ ሞተሩን ያጠፋል። ያው ሞተር ጋራዥ መጥቶ ሜዳ ላይ ሲቀመጥ በአንድ ስቦሽ ይነሣል። ወጣቱ እንዲህ ሲገጥመው ሞተሩን ከመፍታት ይልቅ የት እንደተቀመጠ ይጠይቅ፤ መድኃኒቱ አፋፉን በአካፋ ደልድሎ ማስተካከል ነው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ካንዴላው ነው። ገመዱ አምስት ስድስት ጊዜ ከተሳበ በኋላ ካንዴላው ይፈታና ጫፉ ይታይ። እርጥብ ከሆነና ቤንዚን ከሸተተ ነዳጅ ደርሷል፤ የጎደለው እሳት ነው፣ ወይም ቤንዚኑ በዝቶ አፍኖታል። ደረቅ ከሆነ ነዳጁ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ያን ጊዜ ቦቢናውን መጠርጠር ከንቱ ድካም ነው። ጥላሸት የለበሰ ጫፍ ቤንዚን መብዛቱን ወይም አየር ማጣሪያው በአቧራ መታፈኑን ይናገራል። ነጣ ብሎ የተቃጠለ ሲሆን አየር በዝቷል፤ የደህናው ቀለም ቡናማ ነው። እንዲህ ያለውን ምስክር ትቶ ወደ ፈታታ መሮጥ የባለቤቱን ገንዘብ ማባከን ነው።

እሳቱ ሲሞከር ካንዴላው በእሳት ሽቦው ላይ ተሰክቶ ብረቱ ከሞተሩ አካል ጋር ይነካካል፤ በፕላስቲክ በተሸፈነ ፒንሳ እንጂ በባዶ እጅ አይያዝም። ከሁሉ በፊት ግን የፈሰሰ ቤንዚን ይጠረግ፣ ካንዴላው ከተፈታበት ቀዳዳም ይራቅ፤ ከዚያ የሚወጣው እንፋሎት በአንዲት ብልጭታ ይያያዛል። በካንዴላው ጫፍ ያለው ክፍተት በእነዚህ ሞተሮች ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ጥሩ ነው። ካልታየ ከማጥፊያው የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ተነቅሎ እንደገና ይሞከር፤ ሽቦው ተልጦ ከብረት ጋር ሲነካካ ደህናውን ቦቢና ያሳማል።

ነዳጁን በተመለከተ ወጣቱ ተጠራጣሪ ቢሆን አይፈረድበትም። ማደያ በጀሪካን እንደ ልብ አይቀዳም፤ ገበሬው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በሃይላንድ ጠርሙስ የሚቸረቸረውን ነው። ውስጡ ውኃም ነጭ ጋዝም ሊኖር ይችላል። ከካርቡራቶሩ ሥር ካለችው ጽዋ ጥቂት ወደ ንጹሕ ጠርሙስ ይቀዳና ለትንሽ ጊዜ ይቀመጥ፤ ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ተለይቶ ይታያል። ነጭ ጋዙን ለመለየት ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ማኖር ነው። ቤንዚን ወዲያው ተንኖ ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ ቅባት የመሰለ ምልክት ይተዋል። ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ሠርቶ የሚጠፋ፣ ካረፈ በኋላ ደግሞ የሚነሣ ከሆነ የሰልባቲዮው ክዳን ላላ ይደረግ። በክዳኑ ላይ ያለችው አየር ማስገቢያ በጭቃ ስትደፈን ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል። ለዚህ ብለው ቦቢና የገዙ ሰዎች አሉ።

የወረታ ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የእነዚህ ሞተሮች ካርቡራቶር ግን ከፋብሪካ የሚወጣው ለዝቅተኛ ቦታ ተለክቶ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በካርቡራቶሩ የነሐስ ቀዳዳ ያለ ልክ ይፈስሳል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ጉልበቱም በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳልና ወረታ ሲደርስ አንድ አምስተኛው ገደማ የለም። እንግዲህ "ደከመብኝ" ተብሎ የመጣ ሞተር ሁሉ የታመመ አይደለም። ጉልበት ለመጨመር ብሎ ያችን ቀዳዳ በሽቦ መጎርጎር ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል፤ ለከፍታ የሚያስፈልገው የጠበበ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዋ ስትደፈንም በታመቀ አየር ትነፋ እንጂ ሽቦ አይግባባት።

ለመሆኑ ለምን ትደፈናለች? መልሱ ክረምት ነው። ሽንኩርቱ ሲነሣ ሞተሩ ቤንዚን እንደያዘ ከቤት ጥግ ይወረወራል፤ እስከ ታኅሣሥ ማንም አያየውም። በእነዚያ ወራት ቤንዚኑ ተንኖ የሚቀረው ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ነው። ገበሬው ከግንቦት በፊት የነዳጁን ቧንቧ ዘግቶ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ቢያሠራው፣ ከዚያም ጽዋዋንና ሰልባቲዮውን ቢያንጠፈጥፍ፣ የታኅሣሡ የጋራዥ ወረፋ ግማሹ ይቀር ነበር። ወጣቱ ይህን ለደንበኛው መናገር ገበያ ያሳጣኛል ብሎ አይስጋ። ያስተማረውን መካኒክ ገበሬ አይረሳም።

የጀልባው ሞተር ወንድም ነው፤ ጥቂት የራሱ ጠባይ አለው። ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚደባለቅበት ዓይነት ከሆነ የተለመደው ልክ አንድ ለሃምሳ ነው፤ ለ20 ሊትር ቤንዚን 0.4 ሊትር ዘይት። የቆዩ ሞተሮች የበለጠ የሚጠይቁ አሉና መመሪያው ይታይ፤ በዓይን ግምት አይጨመር። ሲያንስ ፒስተን ይፈገፍጋል፣ ሲበዛ ካንዴላ ይታፈናል። በነዳጁ ቱቦ መሃል ያለችው የጎማ መጭመቂያ ተጨምቃ ካልጠነከረች ቱቦው አየር ይስባል። በነጂው ክንድ የምትታሰረው የማጥፊያ ገመድ ከቦታዋ ከወጣች ደግሞ ምንም ቢደረግ እሳት አይኖርም።

በባትሪ የሚነሣ ሲሆን ቴስተር ያስፈልጋል። ሙሉ ባትሪ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ 12 ላይ ከሆነ ሊያልቅ ነው። ሞተሪኖው ቀጭ ብሎ ዝም ካለ ባትሪ ከመለወጡ በፊት የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ራስ፣ ሌላው በማሰሪያው ላይ ይደረግና ቁልፉ ይዞር። በመካከላቸው ከ0.2 ቮልት በላይ ከታየ ጥፋቱ የዛገው ማሰሪያ ነው፤ በብሩሽ ተፍቆ ይጠብቅ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጣናን የወረረው እንቦጭ ደግሞ የማቀዝቀዣ ውኃ መግቢያውን ይደፍናል፤ ነጂው ከሞተሩ ጎን የምትፈልቀው የውኃ ክር መፍሰሷን ሳያይ ከዳር አይራቅ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ጥገና አይደለም። በወረታ ከፍታ ከላይ ሆኖ የሚስብ ማንኛውም ፓምፕ ከ8.3 ሜትር ጥልቀት በላይ ውኃ መሳብ አይችልም፤ በተግባር ስድስት ሜትር ላይ ይዳከማል። ከጉድጓድ የሚያጠጣ ገበሬ ደግሞ ውኃው በየካቲትና በመጋቢት ሲሸሽ ሞተሩን ወደ ጉድጓዱ ያወርደዋል። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጉድጓድ ውስጥ ተጠራቅሞ የወረደውን ሰው በደቂቃዎች ይጥለዋል። እሱን ላውጣ ብሎ የዘለለው ሁለተኛ ሰውም እዚያው ይቀራል። የናፍጣው ሞተርም በዚህ አይታመንም። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ከላይ ያለው ሰው ሞተሩን በቻለው መንገድ ያጥፋ፣ ገመድ ይጣል፣ ሰው ይጥራ፤ ራሱ ግን አይውረድ።

ስለዚህ መካኒኩ ሞተር ሠርቶ ሲያስረክብ ከሂሳቡ በፊት አንድ ጥያቄ ያንሣ፦ ጉድጓዱ ስንት ሜትር ነው? ስድስት ካለፈ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ ውኃ ውስጥ የሚጠልቀውን የኤሌክትሪክ ፓምፕ፣ መብራት ከሌለም በፀሐይ የሚሠራውን እንዲገዛ ይንገረው።