የመሸበት እንግዳ ዕዳው ምንድር ነው?

ወደማያውቀው ከተማ የሚሄድ ሰው ዛሬ አስቀድሞ የሚጠይቀው ምሽቱን የት እንደሚያሳልፍ ነው። ስለ ታሽኬንትም ቢሆን ስለ ናይሮቢ ለመንገደኛ የሚጻፉት መሪ መጻሕፍት የገበያውንና የአደባባዩን ነገር ከነገሩት በኋላ ሙዚቃው የት እንደሚደምቅ፥ መጠጡ የት እንደሚረክስ፥ የማንኛው ቤት ደጅ እስከ ሌሊት እንደማይዘጋ ይነግሩታል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ እንግዳ መንገድ የሚያሳየው ያሻዋልና። ዳሩ ግን መጻሕፍቱ አንድ ነገር ይተዋሉ፤ ይኸውም እንግዳው በሚደሰትበት ሌሊት ስለ እርሱ ነቅቶ የሚያድረው ማን እንደ ሆነ፥ ለዚያም ሰው ምን ዕዳ እንዳለበት ነው። ይህን ጥያቄ በደቡብ ቆላ ከተሞች፥ ይልቁንም በነገሌ ቦረና ምሳሌነት እንመርምረው።

በአባቶቻችን ዘመን መንገደኛ በማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ባለ ጊዜ ባለቤቱ እግሩን አጥቦ፥ ካለው አብልቶ፥ መኝታ አንጥፎ ያሳድረው ነበር። እንግዳውንም የበላው እንጀራ ያስረው ነበር፤ በዚያ ቤት ልጆች ላይ ክፉ ማሰብ ወይም የቤቱን ገመና ማውጣት ታላቅ ነውር ነበርና። ዛሬ ግን በየከተማው ሆቴል አለ፤ እንግዳው አልጋውን በገንዘቡ ተከራይቶ «ከፍያለሁና የማንም ዕዳ የለብኝም» ይላል። እንግዲህ ገንዘብ እንግዳን ከእንግድነት ዕዳ ይፈታዋልን?

ነገሌ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል፥ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ አገር ቀኑ የፀሐይ ነው፤ ሰው ከሰው ጋራ ተዝናንቶ የሚጫወተው ጀምበር ሲያዘቀዝቅ ነው። ያን ጊዜ ባለ ጀበናዋ ከሰሏን ታያይዛለች፤ የሻይ ቤቱ ወንበር ወደ ደጅ ይወጣል፤ ኦሮምኛው፥ ሶማሊኛው፥ አማርኛውም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰማል። ኋላም ሻይ ጠጪው ወደ ቤቱ ሲገባ የመጠጥ ቤቱ መብራት ይደምቃል። በያቤሎም፥ በሜጋም፥ በሞያሌም ነገሩ ይመሳሰላል፤ ሞያሌንማ የኢትዮጵያና የኬንያ ድንበር ለሁለት ስለሚከፍላት ከሁለቱም አገር የሚመጣ የጭነት መኪና ነጂ ያድርባታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ራሴ ከእነዚህ የቆላ ከተሞች በአንዲቱ አደርሁ። የከተማይቱንም የቤቱንም ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። ሙዚቃ ስሰማ አምሽቼ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሲሆን ወደ ክፍሌ ልገባ ስል የታሸገ ውኃ ጠየቅሁ። በቤቱ አልቆ ነበር። ዕድሜዋ ከሃያ ለማይበልጥ ለአስተናጋጂቱ ልጅ መቶ ብር ሰጥቼ «ከሌላ ቤት ፈልገሽ አምጪልኝ» አልኋት። እርስዋም አንድ ጊዜ ጨለማውን ጎዳና፥ አንድ ጊዜ እኔን ተመልክታ «እሺ፥ ጋሼ» ብላ ወጣች። እኔ ግን ጥቂት ጠብቄ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሲነጋ በሩን ብከፍት የውኃው ጠርሙስ በደጃፉ ቆሞ፥ ከሥሩም መልሱ ብር ታጥፎ አገኘሁ፤ አንዲት ብር አልጎደለችም። ልጅቱን ብፈልጋት ልትተኛ ሄዳ ነበር። ባልንጀራዋ ግን «ሁለት ቤት ተዘግቶባት እስከ መኪና ማደሪያው ድረስ ሄደች፤ ስትመለስ ሰካራም ተከትሏት ሮጣ ነው የገባች» አለችኝ። መንገዱ እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር ብል ሐሰት ይሆንብኛል፤ ባላውቅማ ኖሮ እኔ ራሴ ስለ ምን አልወጣሁም?

ከዚያ ወዲህ ቱላ የሚባሉት የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች በተነሡ ቍጥር ያች ልጅ ትታወሰኛለች። በእነዚያ ጉድጓዶች ሰዎች እንደ መሰላል አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው እየዘፈኑ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጡታል፤ የማጠጣቱንም ተራ አባ ሄሬጋ የሚባለው ያስጠብቃል። በዚያ ከብቱን የሚያጠጣ ሰው ውኃውን የስንት ሰው ክንድ እንዳወጣው በዓይኑ ያያል። በከተማ ሌሊት የሚጠጣ ግን ጽዋውን እንጂ ክንዱን አያይም፤ ስለማያይም ዕዳ ያለበት አይመስለውም።

ነገሌ ራስዋም ስለ ውኃ የታወቀ ታሪክ አላት። በጥር 1966 ዓ. ም. በዚያ የሰፈረው ጦር ምግቡና ውኃው ስለ ከፋበት አመጸ፤ ነገሩን ሊያዩ የመጡትንም የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዞ ወታደሩ ከሚበላው አበላቸው፥ ከሚጠጣውም አጠጣቸው። ያም አመጽ በየካቲት ለተነሣው አብዮት እንደ መቅድም ይቈጠራል። ይህን ማንሣቴ አለቃን በግድ መያዝን ለማመስገን አይደለም፤ ወታደሮቹ ሊያስረዱት የፈለጉት ነገር ስለሚጠቅመን ነው። ከባለ አገሩ ጽዋ ያልቀመሰ ሰው የባለ አገሩን ኑሮ አያውቅም።

አንድ አንባቢ «ልጅቱ ደመወዝተኛ ናት፤ እንግዳ ባይመጣስ ምን ትበላለች?» ሊል ይችላል። ይህ እውነት ነው። በመጋቢት 2012 ዓ. ም. ስለ ኮሮና በሽታ በአዲስ አበባ የምሽት ጭፈራ ቤቶች እንዲዘጉ በታዘዘ ጊዜ፥ ደጁ ሲዘጋ የአስተናጋጂቱም ጉርሻ አብሮ መዘጋቱን ማንም ሊያስተውለው ይችል ነበር። ስለዚህ ሌሊቱን በመርገምና ደጁን በመዝጋት ብቻ ዕዳችን አይከፈልም። ዳሩ ግን ደመወዝ የሥራ ዋጋ ነው፤ የፍርሃትዋ ዋጋ በሒሳቡ ወረቀት ላይ አልተጻፈም። «በፈቃድዋ ሄደች» ቢባልም፥ እምቢ ብትል እንጀራዋን የምታጣ ልጅ «እሺ» ማለትዋ ሙሉ ፈቃድ አይባልም። ኤድስ በአገራችን ከታወቀበት ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በታላላቆቹ የንግድ መንገዶች ዳር ያሉት ከተሞች ከሌላው ይልቅ መጐዳታቸው ይህንኑ ያስተምረናል። እንግዳው ሒሳቡን ዘግቶ በማለዳ ሄደ፤ ከተማይቱ ግን የሌሊቱን ቀሪ ሒሳብ ለብዙ ዓመት ከፈለች።

ደግሞም በነቅቶ ማደር ላይ የምንሰጠው ፍርድ የተዛባ ነው። በቦረና አያንቱ የሚባሉ የዘመን አዋቂዎች አሉ። እነርሱም ጨረቃን፥ ሰባቱን ከዋክብትና ሌሎችንም በሌሊት እየተመለከቱ 12 ወርና 354 ቀን ያለውን ዓመት፥ የ27ቱንም ዕለታት ስም ይቈጥራሉ። ለሕዝባቸው ሲሉ ስለሚነቁ ይከበራሉ። ለእንግዳ ስትል የምትነቃዋን ሴት ግን ስለ መንቃትዋ እንንቃታለን፤ ያነቃናት እኛው ሆነን ሳለን ስምዋን እናጠፋለን።

እንግዲህ እኔ ለነገሌ ሌሊት መሪ መጽሐፍ ብጽፍ እንዲህ እላለሁ። እንግዳው ሳይጨልም ይግባ፤ ሰዉንም ሰላምታ ይስጥ። ባለ አገሩ በሚጠጣበት ቦታ ተቀምጦ ሻዩንም ቡናውንም ይጠጣ። ጠጅ ቢሻ በልክ ይሁንለት። ያስተናገደችውን ልጅ ስምዋን ጠይቆ በስምዋ ይጥራት። እርሱ ሊሄድበት በሚፈራው መንገድ ሌላውን አይላክ። ሲከፍልም አምሽታ ወደ ቤትዋ የምትገባበትን አይርሳ። ገንዘብ አልጋውን ይገዛለታል፤ እንግድነቱን ግን አይሽርለትም።

ቦረናዎች ሲገናኙ «ነጋ» ብለው ይጠያየቃሉ፤ ትርጓሜውም ሰላም ማለት ነው። በአማርኛችን ደግሞ «ነጋ» ማለት ሌሊቱ አለፈ ማለት ነው። ቃላቱ ባይዛመዱም እንግዳው በእኛ ቋንቋ «ነጋ» ባለ ጊዜ ያሳደረችውም በእነርሱ ቋንቋ «ነጋ» ማለት ከቻለች፥ ያ ሌሊት መልካም ሌሊት ነበር። እኔ በዚያ ጧት የተመለሰልኝን ብር ለልጅቱ እንድትሰጥልኝ ለባልንጀራዋ ትቼ በአውቶቡስ ሄድሁ። ስምዋን ሳልጠይቅ እንደ ሄድሁ ያስተዋልሁት ግን ከተማይቱ ከዓይኔ ከተሰወረች በኋላ ነው።