በትር መማር ለክርስቲያን ይገባዋልን?

ከጅጅጋ ወደ ቀብሪ በያህ ወይም ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚጓዝ ሰው፣ በትሩን በትከሻው አጋድሞ ሁለት እጆቹን በላዩ የጣለ እረኛ ማየቱ አይቀርም። ሶማሌዎች «ሀንጎል» የሚሉት ደግሞ አንድ ጫፉ ቆልማማ፣ ሌላው ባላ የሆነ እንጨት ነው፤ እሾህ እየጎተቱና እየገፉ በረት ያጥሩበታል። በትር እንግዲህ በዚህ ምድር አስቀድሞ የሥራ ዕቃ ነው።

በጃፓን ደሴቶች፣ በኦኪናዋ፣ «ቦ» የሚባል 180 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም በትር አለ። ተማሪው ከሁሉ በፊት አያያዝንና አረማመድን ይለማመዳል፤ የተወሰነውን ሥርዓት ብቻውን ይደጋግማል፤ ከባልንጀራው ጋር ሲቆምም ምቱን ከአካል ሳያደርስ መግታት ይኖርበታል። ከልጆቻችን አንዳንዶቹ እንዲህ ያለውን ጥበብ ለመማር ሲሹ ወላጆች ይጨነቃሉ።

ጭንቀታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በጅጅጋ በተነሣው ሁከት ሰዎች ተገድለዋል፤ አብያተ ክርስቲያናትም ተቃጥለዋል። ይህን ያየ ወጣት በትር ቢመኝ አንፈርድበትም፤ ነገር ግን ራሱን ሊጠብቅ ነው ወይስ ሊበቀል?

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ራስን መከላከል የተፈቀደ መሆኑን ያስተምራል፤ ኃይሉ ከሚያስፈልገው መጠን ሲያልፍ ግን ሥራው ይበላሻል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም (ቁ. 2264) ይህንኑ ይከተላል፤ ቀጥሎም (ቁ. 2265) የሌሎችን ሕይወት የመጠበቅ ኃላፊነት ላለበት ሰው መከላከል ከባድ ግዴታ ሊሆን እንደሚችል ያክላል። መጠንን ማወቅ ደግሞ በንዴት ሰዓት በድንገት አይመጣም። ስለዚህ ምትን መግታት የሚያስተምር መምህር፣ ሳያስበው የቅዱስ ቶማስን ትምህርት ያግዛል ብንል የተጋነነ አይመስለንም።

ወንጌላውያኑ ራሳቸው በዚህ ነገር ያሳስቡናል። ጌታ ሐዋርያትን ሲልክ፣ በማርቆስ (6፥8) በትር ብቻ እንዲይዙ ይፈቅድላቸዋል፤ በማቴዎስ (10፥10) ግን በትርንም ይከለክላል። ቅዱስ አውግስጢኖስ ሁለቱን ለማስማማት ብዙ ደክሟል። እኛ የምንለው ጥቂት ነው፦ በትር የያዘም ሆነ ያልያዘ የተላከው ለአንድ ሥራ ነው፤ ያም ሥራ ሰላምን ይዞ ወደ ሰው ቤት መግባት ነበር።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ እንዲህ ያለ ወጣት ሲመጣባችሁ ስለ በትሩ ከመከራከር በፊት፣ በልቡ ማንን እንደሚያስብ ጠይቁት። ማንንም ካላሰበ ይማር። የአንድ ጎረቤት ስም ከጠራላችሁ ግን ልምምዱን ለጊዜው ይተው፤ አስቀድሞ ከቆሞሱ ጋር ስለዚያ ጎረቤት ይነጋገር።