ሐሳብ ሥራ የሚሆነው መቼ ነው?

ሰው በልቡ በሚያስበውና በእጁ በሚሠራው መካከል አንዲት አጭር ጊዜ አለች። ቁጣ የሚበርደው፥ ክፉ ምኞት የሚጣለው፥ በጎውም የሚመረጠው በእርሷ ውስጥ ነው። አባቶቻችን «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ሲሉ፥ ከአፍ ያልወጣው ገና በባለቤቱ እጅ መሆኑን ማስገንዘባቸው ነበር።

ዛሬ ሊቃውንት ይህችን ጊዜ እያሳጠሯት ይገኛሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመመዝገብ በቃ። ጥበቡም እየረቀቀ ሄዶ፥ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት እንደ ተገለጸው፥ ለ15 ዓመት ያህል እጅና እግሯ አልታዘዝ ያላት አንዲት አሜሪካዊት በሐሳቧ ብቻ የሮቦት ክንድ አንቀሳቅሳ ቡናዋን ወደ አፏ አቅርባ ጠጣች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እጅን በሚያዘው የአንጎል ክፍል የተተከለች ትንሽ መሣሪያ የነርቮችን ምልክት ትለቅማለች። በሽተኛዋ እጇን እንደምታንቀሳቅስ አድርጋ ደጋግማ ታስባለች፤ ኮምፕዩተሩም የትኛው ምልክት ከየትኛው እንቅስቃሴ ጋር እንደሚሄድ ከዚያ ይማራል። ይሁን እንጂ ማሽኑ ሐሳብን ያነባል ማለት ስሕተት ነው፤ የሚያደርገው ግምት ነው፤ ግምትም ይስታል።

እንግዲህ ማሽኑ በግምቱ ስቶ ክንዱ ሰው ቢጎዳ፥ ወይም ባለቤቱ ያሰበውን ሊተው ሲል ክንዱ ቢቀድመው፥ ሥራው የማን ነው?

ለዚህ አብነት ከሩቅ አገር መሻት አያስፈልገንም። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በተማሩባት በጎጃም ደብረ ኤልያስ፥ በቅኔ ቤት ሥርዐት፥ ተማሪው ለብቻው ፈንጠር ብሎ ጉባኤ ቃናውን ይቆጥራል፤ ያፈርሳል፤ እንደገናም ያቃናል። ከዚያ በኋላ መምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይነግራል። መምህሩ የሚያርመውና የሚመዝነው የተነገረውን እንጂ፥ ሲቆጠር የተጣለውን አይደለም። ተማሪው ስለ ቅኔው የሚጠየቀው፥ ሊጥለው እየቻለ ሳይጥለው ስላቀረበው ነው።

እኛም ሐሳብ ሥራ የሚሆነው በዚሁ መንገድ ነው እንላለን። የመተው ሥልጣን የሌለው ሰው በሠራው ሊጠየቅ አይገባም። ስለዚህ የአንጎልን ምልክት ተቀብሎ የሚሠራ ሮቦት ሁሉ ባለቤቱ «ተው» የሚልበት በር ሊኖረው ይገባል። ያን በር ዘግቶ ማሽኑን የሠራ ባለሙያ ግን የጥፋቱ ተካፋይ ነው። ይህን ስንል እርዳታው በሕመምተኛው ላይ ይዘግይ ማለታችን አይደለም። ቡናዋን በገዛ ፈቃዷ የጠጣችው ሴት መጠጣት ብቻ ሳይሆን አልጠጣም ማለትም ተመልሶላታልና።

የተለቀመው ምልክት የሚቀመጥበትም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2021 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ የአንጎልን እንቅስቃሴና ከእርሱ የሚገኘውን መረጃ በሕግ ጥበቃ ሥር አድርጋለች። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። ሕግ አውጪው፥ መምህሩና ይህን ጥበብ የሚማረው ወጣት፥ ተቆጥሮ ያልተነገረ ሐሳብ የባለቤቱ ብቻ መሆኑን ከወዲሁ ሊስማሙበት ይገባል።