ፈረሱን ማን ጠየቀው?

ዳማ ከሴ ለምች ሲጨመቅ ቅጠሉን አያመውም። መድኃኒቱ ራሱ ሕመም የሚሰማው ሲሆንስ? ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ ሮበርት ሬድፎርድ እ.ኤ.አ. በ1998 አዘጋጅቶ ራሱም የተጫወተበት «ዘ ሆርስ ዊስፐረር» የተባለው ፊልም ነው። መነሻው ኒኮላስ ኢቫንስ በ1995 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ግሬስ የምትባል ልጃገረድ ከጓደኛዋ ጋር በበረዶ ላይ ስትጋልብ የጭነት መኪና ይደርስባቸዋል። ጓደኛዋ ትሞታለች፤ የእሷ አንድ እግር ይቆረጣል፤ ፒልግሪም የተባለው ፈረሷ ደግሞ ቆስሎ፣ ሰው በቀረበው ቁጥር የሚያብድ ፍጡር ይሆናል። ይገደል ሲባል እናቲቱ እምቢ ትላለች። ልጅና ፈረስ ጭና ከኒው ዮርክ እስከ ሞንታና፣ ቶም ቡከር ወደተባለ ፈረስ ገሪ ትነዳለች። ልጅቱ መሄድ ፈልጋ ነው ወይ? ማን ጠይቋት! ዝም ያለች ልጅና የሚራገጥ ፈረስ፤ ለሁለቱም ሌላ ሰው ወስኖላቸዋል።

ቡከር ግን ልጅቱን ይጠይቃታል። አንቺ ካልረዳሽኝ ፈረሱን አልነካም ዓይነት ነገር ነው የሚላት። በኔ ግምት መዳን የጀመረችው እዚህ ላይ ነው። ሥራ ተሰጣት፤ እምቢ የማለት መብትም ተሰጣት። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ? ፈረሱ አዳናት የሚሉ ሰዎች ይህን ይዘነጉታል።

እንቅልፍ የነሣኝ ግን ወደ መጨረሻው ያለው ትርኢት ነው። ቡከር የፈረሱን እግር በገመድ አስሮ፣ እስኪደክመው አታግሎ መሬት ላይ ያስተኛዋል። ልጅቱ ትዳብሰዋለች፤ ትወጣበታለች፤ እሷን እንደተሸከመ ብድግ ይላል። የኔም ዓይን እርጥብ ነበር፣ አልዋሽም። ታዲያ ፈረሱ ዳነ ወይስ እጁን ሰጠ? ከውጪ ሲያዩት ሁለቱ አንድ ይመስላሉ።

ካንት በእንስሳ ላይ የጨከነ ሰው በሰውም ላይ ይጨክናል ብሎ ያስተምር ነበር፤ ለእንስሳ የምንራራው እንግዲህ ለሰው ስንል ነው ማለት ነው። ቤንታም ግን በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጥያቄው ያስባሉ ወይ ሳይሆን ይሠቃያሉ ወይ ነው አለ። ፊልሙ ወደ ካንት ያደላል፤ የፈረሱ ሥቃይ ለልጅቱ ሥቃይ መስተዋት ነው።

ገመዱን አልቃወምም። ያለ እሱ ፈረሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲደነብር ይኖር ነበር ማለት ይቻላል፤ ሕፃን ስናስከትብም እኮ አናስፈቅደውም። ሕፃኑን የምናስከትበው ግን ለራሱ ነው። ፒልግሪም በሕይወት የቆየው ለማን ነው? ልጅቱ በዚያ አደጋ ሞታ ቢሆን ኖሮ፣ እናቲቱ ፈረሱን ጭና ያን ሁሉ መንገድ ትነዳ ነበር? እኔ አይመስለኝም።