ዘፋኙ ስለ ዘፈኑ ይጠየቃልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዳዊት ጎልያድን ጥሎ ሲመለስ የእስራኤል ሴቶች ከበሮ ይዘው ወጥተው ዘፈኑለት። በሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 18 እንደምናነበው፥ የዘፈናቸው ፍሬ ነገር ሳኦል የገደለውን በሺህ፥ ዳዊት የገደለውን ግን በእልፍ የሚቈጥር ነበር። ሴቶቹ ክፉ ሐሳብ አልነበራቸውም፤ ደስ ብሏቸው ነው። ነገር ግን ሳኦል ከዚያች ቀን ጀምሮ ዳዊትን በክፉ ዓይን ተመለከተው፤ በማግሥቱም ጦር ወረወረበት። ዘፈኑ በዚህም አላበቃም፤ ድንበር ተሻገረ። ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ ጌት ወደሚባለው የፍልስጥኤም ከተማ በደረሰ ጊዜ፥ የንጉሡ የአንኩስ ሰዎች ያንኑ ዘፈን ጠቅሰው አሳጡት። እርሱም ነፍሱን ለማዳን እብድ መስሎ መታየት ግድ ሆነበት።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ እነዚያ ሴቶች ይጠየቃሉን? ጦሩን የወረወረው ሳኦል ነው፤ ቅንዓቱም የገዛ ልቡ ነው። ሆኖም ዘፈኑ ባይኖር ኖሮ ጦሩ በዚያች ቀን ከግድግዳ ይወርድ ነበርን?

ይህን ምዕራፍ ያነሣነው ባለፈው ወር ከጉባኤ በኋላ ከጽዱ ሥር ተቀምጠን አራት ጓደኛሞች ስለ ሂፕ ሆፕ ሙዚቃ በተከራከርን ጊዜ ነው። ክርክሩ በዋዛ ተጀምሮ በቍጣ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር። አንደኛው ወንድማችን ነገሩን ባጭሩ ሊቀጨው ፈለገ። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 5 ዘፋኝነትን ከሥጋ ሥራዎች ጋር ቈጥሮታልና ከዚህ በላይ ምን እንከራከራለን አለ። እኅታችን ደግሞ፥ መምህራችን እንዳስረዱን የግሪኩ ቃል ከስካር ጋር የተያያዘ የሌሊት ፈንጠዝያን የሚያመለክት ነው ብላ መለሰችለት። ይህን ለመበየን ሥልጣኑም ዕውቀቱም ያላቸው አባቶች ስላሉ እኔ አልገባበትም። ክርክራችን ግን ከዚያ ጠበብ ያለ ነበር፤ የሚዘፍን ሰው ከአፉ ከወጣው ቃል በኋላ ምን ዕዳ አለበት የሚል ነው።

ሙዚቃውን ስሙን እንጂ ታሪኩን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ልበል። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ሂፕ ሆፕ የተወለደው በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ ሠፈር ነው። ብሮንክስ ያን ጊዜ ቤቶች በእሳት የሚጋዩበት፥ አውራ ጐዳና መኻሉን ሰንጥቆ ነዋሪውን የበተነበት፥ ለወጣቱ ሥራ የጠፋበት ሠፈር ነበር። ኦገስት 11 ቀን 1973 ክላይቭ ካምቤል የተባለ በጃማይካ የተወለደ የ18 ዓመት ጐረምሳ፥ በሴጅዊክ ጐዳና ቍጥር 1520 በሆነ የኪራይ ሕንጻ የመሰብሰቢያ ክፍል ውስጥ ሸክላ አጫወተ። ጭፈራውን ያሰናዳችው እኅቱ ሲንዲ ስትሆን፥ ምክንያቷም ትምህርት ሲከፈት የምትለብሰው ልብስ መግዣ ማግኘት ነበር። መግቢያው ለሴት 25፥ ለወንድ 50 ሳንቲም ነው። ኩል ሄርክ በሚለው ስሙ የታወቀው ይህ ወጣት፥ ጨፋሪው የሚደሰተው ከበሮው ብቻውን በሚመታበት ቦታ መሆኑን አስተውሎ፥ ሁለት አንድ ዓይነት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ ላይ አድርጎ ያችን አጭር ቦታ እየመላለሰ ያስረዝማት ጀመር። በዚያ ምት ላይ ቤት እየመታ የሚናገር ሰው ሲጨመርበት ራፕ የምንለው ሆነ። አጀማመሩ እንዲህ ነው፤ የትምህርት ቤት ልብስ መግዣ። እኔ በበኩሌ አጀማመሩን ሳላውቅ የሰይጣን ነው ብሎ መፍረድ ይከብደኛል።

እኅታችን ከዚህ ተነሥታ፥ ራፕ ያየውን የሚናገር ምስክር ነው አለች። በ1982 የወጣውን የግራንድማስተር ፍላሽና የፊውሪየስ ፋይቭን «ዘ ሜሴጅ» የተባለ ሥራ ምሳሌ አደረገች። ይህ ዘፈን የድኻውን ሠፈር ቆሻሻ፥ ችግርና ተስፋ መቍረጥ እየዘረዘረ ሄዶ፥ በመጨረሻ በዚያ የተወለደ አንድ ሕፃን እንዴት አድጎ ወኅኒ እንደሚወርድና እንደሚሞት ይተርካል። ሰምቶ ወንጀለኛ መሆን የሚያምረው ማንም የለም። ቀጥላም በ1988 ከሎስ አንጀለስ አጠገብ ከኮምፕተን የተነሡትን የኤን ደብሊው ኤ ልጆች ጠቀሰች። ፖሊስ እንዴት እንደሚያንገላታቸው በቍጣና በስድብ በዘፈኑ ጊዜ፥ በ1989 የፌዴራል ምርመራ ቢሮው አንድ ባለ ሥልጣን ለሸክላ ኩባንያቸው የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ። ማርች 1991 ግን የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግን መሬት ላይ ጥለው ሲደበድቡት አንድ ነዋሪ ከሰገነቱ ሆኖ በቪዲዮ ቀረጻቸው፤ ዓለምም አየ። እኅታችን «ታዲያ ዋሽተው ነበር?» ስትል ሁላችንም ዝም አልን።

ዝምታውን የሰበረው ያው ወንድማችን ነው፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ አድርጎ ሰበረው። «ስለ ፖሊሱ አልዋሹም እንበል፤ በዚያው ሸክላ ላይ ሴቶችን በምን ስም እንደሚጠሩ ሰምተሻል? የተገፋው ሰው ከእርሱ የባሰችውን ደካማ ቢገፋ እርሱም ምስክርነት ነው?» አላት። ሰምታ ነበርና መልስ አልሰጠችም። የኮምፕተን ልጆች ከኃይለኛው ጋር የተናገሩት ድፍረት ነበረው። በሠፈራቸው ልጃገረድ ላይ የተናገሩት ግን ምን ድፍረት ይጠይቃል? ሳቅና ገንዘብ ያስገኛል እንጂ።

ገንዘብ ካነሣን ዘንድ፥ የአገራችንን ስም የያዘች አንዲት ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር ውስጥ ስለ ነበራት ድርሻ ልንገራችሁ። በኒው ዮርክ በሐርለም አቢሲንያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የምትባል አለች። ቤተ ክርስቲያኒቱ እንደምትተርከው፥ በ1808 የኢትዮጵያ መርከበኞችና ጥቁር አሜሪካውያን ምእመናን በጸሎት ቤት ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ ይቀመጥ መባሉን ተቃውመው ወጥተው መሠረቷት፤ ስሟንም በጥንቱ የአገራችን ስም ሰየሟት። የዚህች ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት፥ በ2022 ያረፉት ሬቨረንድ ካልቪን በትስ፥ ሴቶችን የሚያዋርደውንና ግድያን የሚያሞግሰውን ራፕ ተቃውመው በጁን 1993 ሕዝብ ሰበሰቡ። ራፕን በሙሉ አልጠላም፥ የምቃወመው ክፉውን ነው ይሉ ነበር። የተሰበሰበውን ካሴትና ሲዲ በአስፋልት መዳመጫ ሮለር ሊያስጨፈልቁት አስበው ነበር፤ ሆኖም የራፕ ወዳጆች ከሮለሩ ፊት ቆመው አስቀሩት። ከዚያ በኋላ የተደረገው ነው ለእኔ የሚደንቀኝ። ካሴቱን ጭነው ወደ መኻል ከተማ ሄደው በሶኒ ኩባንያ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ደፉት።

ወንድማችን ሮለሩ በመቅረቱ አዘነ። እኔ ግን ካሴቱ ከሮለሩ ሥር ይልቅ ከኩባንያው ደጃፍ መውደቁ የተሻለ ስብከት ይመስለኛል። የ19 ዓመት ልጅ ሲሳደብ ከኋላው ቆሞ የስድቡን ዋጋ የሚተምን፥ ምንም ቃል ሳይተነፍስ የሚያተርፍ ሰው አለና። በክርክሩ ሁሉ የሚረሳው እርሱ ነው።

ሁለተኛው የሚረሳ ሰው እኛው ሰሚዎቹ ነን። በእኛ አገር አዝማሪ ቤት የሚሆነውን አስቡ። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆው ይቀበለዋል፤ ቤቱ ይስቃል፤ ብር ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። ግጥሙ የጎረቤትን ክብር የሚነካ ቢሆን ዕዳው የማን ነው? የሰጠው፥ የተቀበለው፥ የሳቀው ወይስ የሸለመው? ይህን ያነሣው እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ የቆየው አራተኛው ጓደኛችን ነው። ጨምሮም፥ የአሜሪካኖቹ ፉከራ ሲያስደነግጠን የእኛስ አለ። በሠርግ ላይ «ገዳይ! ገዳይ!» እያልን ጐበዝን ስናሞግስ፥ ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ አለ? የጥንቱ ፉከራ ለአገር ዳር ድንበር ነው ማለታችን አይቀርም፤ ሁልጊዜ ግን እንደዚያ እንዳልነበረ የደም መላሽ ታሪክ ያላቸው ቤተሰቦች ያውቃሉ።

ወደ ሴቶቹ ዘፈን የመለሰን ግን የቱፓክ ሻኩር ነገር ነው። ይህ ልጅ በ1991 በጋዜጣ ካነበበው ተነሥቶ ስለ አንዲት የ12 ዓመት ወላድ ልጅ የተረከው ራፕ፥ በ1995 ለእናቱ ያቀረበውም ምስጋና፥ ሰምቶ የማይራራ ያለ አይመስለኝም። ይኸው አፍ በ1996 ባላንጣውን ኖቶሪየስ ቢ አይ ጂን፥ ሚስቱን ሳይቀር፥ የሚያዋርድ የስድብ ዘፈን አወጣ። መጽሔቶች ምሥራቅና ምዕራብ እያሉ ማን ማንን በለጠ ብለው ቈጠሩ፤ አድማጩም ጐራ ለየ። ቱፓክ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1996 በላስ ቬጋስ በጥይት ተመታ፤ ሴፕቴምበር 13 ቀን ሞተ፤ 25 ዓመቱ ነበር። ቢ አይ ጂም ማርች 9 ቀን 1997 በሎስ አንጀለስ ተገደለ፤ ዕድሜው 24። ዘፈኑ ገደላቸው ማለት አይገባም፤ ተኳሾቹ ዘፈን አይደሉም። ነገር ግን በሺህና በእልፍ እየቈጠረ ከበሮ የሚመታ ሕዝብ እንደ ነበረ ማን ይክዳል? ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 3 በረከትና መርገም ከአንድ አፍ መውጣታቸውን በምንጭ ውኃ መስሎ የገሠጸው ሌላ ምን ሊሆን ነው?

በተመሳሳይ ሐዘን ውስጥ ሌላ መንገድ የያዙ ነበሩ። ኬ አር ኤስ ዋን ባልንጀራው ስኮት ላ ሮክ በ1987 በጥይት ከተገደለበትና በ1988 በአንድ የራፕ ዝግጅት ላይ አንድ ወጣት ከሞተ በኋላ፥ ሌሎቹን ዘፋኞች ሰብስቦ ግድያ ይቁም የሚል ማኅበር አቋቋመ። በ1989 «ሴልፍ ዲስትራክሽን» የተባለውን ዘፈን በአንድነት ዘፈኑ፤ ገቢውንም ለናሽናል ኧርባን ሊግ ሰጡ። ማንም አላስገደዳቸውም።

እኔ መለኪያ ሆኖ ያገኘሁት ነቢዩ ናታንን ነው። በሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 12 ናታን ለዳዊት የነገረው ታሪክ የግፍ ታሪክ ነው፤ የአንዲት በግ ታሪክ፥ በውስጡ ስርቆትና እርድ ያለበት። ክፉን መተረኩ ኀጢአት አልሆነበትም። ዋናው ነገር ሰሚውን የት ላይ አቆመው የሚለው ነው። ዳዊት በዳዩን ሊያጨበጭብለት አልቻለም፤ ተቈጣበት፤ ከዚያ በዳዩ ራሱ መሆኑን ከነቢዩ ከራሱ አፍ ሰማ። ናታንም ይህን የተናገረው በሩቅ ሆኖ አይደለም። በንጉሡ ፊት፥ አንገቱን ይዞ ነው።

ይህን ስናገር አራተኛው ጓደኛችን ከቦርሳው አንድ የተጨማደደ ደብተር አወጣ። የ14 ዓመት ታናሽ ወንድሙ ራፕ ይጽፋል። አንድ ዘመድ ደብተሩን አግኝቶ የአጋንንት ነው፥ ይቃጠል ስላለው ልጁ ጉባኤ መምጣት ትቷል። ጓደኛችን ሌሊቱን አንብቦት ምን እንደሚያደርገው ጨንቆት ነበር። ተቀባበልነው። በአንዱ ገጽ እንጀራ ጋግራ ስለምትሸጥ እናቱና በየዓመቱ ኪራይ ስለሚጨምርባት ባለ ቤት ጽፏል፤ የጢሱን፥ የዓይኗን መቅላት፥ የባለ ቤቱን ማንኳኳት። የከረረው ወንድማችን እንኳ ያችን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበባት። ሁለት ገጽ አልፎ ደግሞ አንዲት የጎረቤት ልጅ በስሟ ተጠርታ ተሰድባለች፤ ከባድ ስድብ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ልጁ በወንድሙ ልመና መጣ። እኅታችን ደብተሩን መለሰችለትና ሁለቱንም ገጾች ከፍታ፥ «ይህን ባለ ቤቱ ፊት ታነበዋለህ?» አለችው። ኪራይ ካልጨመረ አነበዋለሁ አለ፤ ሳቅን። «ይህንንስ ልጅቱ ፊት?» ስትለው ግን ብዙ ቆየ። ቆይቶም፥ ስሟን ባወጣው ቤት መምቻው ይበላሽብኛል አለ። ወንድማችን፥ ያው ሮለሩ በመቅረቱ ያዘነው፥ አጠገቡ ተቀምጦ ሌላ ቤት መምቻ ይፈልግለት ጀመር፤ እስካሁን አላገኙም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።