ሁለት እግርና ሁለት ዛፍ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ አበው። መዝሙርም፣ ሥዕልም፣ ድራማም እንሞክራለን ስንል፣ ይልቁንም የዩኒቨርሲቲው ፈተና ሲቃረብ፣ ከወላጆቻችን የምንሰማው ይህንኑ ነው። ነገሩ ግን ሲያዩት የሚቀል አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 አምስት መክሊት የተቀበለው አገልጋይ በአምስቱም ነግዷል። አራቱን ቀብሮ በአንዱ ብቻ ቢነግድ ኖሮ ጌታው ምን ይለው ነበር? ታዲያ ብዙ ስጦታ ያለው ሰው አንዱን መርጦ ሌላውን ቢተው ጥበብ ነው ወይስ መቅበር?

ለምሳሌ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን እዚሁ ከአምቦ አጠገብ፣ ቦዳ፣ በነሐሴ 1928 ዓ.ም. ተወለዱ፤ አቡነ ጴጥሮስ በፋሺስት ጥይት ከተሠዉ ወር እንኳ ሳይሞላ ማለት ነው። ከብት እየጠበቁ፣ ግእዝ እየተማሩ አደጉ። በአምቦ ተማሪ ሳሉ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ቴአትር ጽፈው በጃንሆይ ፊት ታየላቸው። ከዚያ ወዲያ ዛፉ ይበዛል፦ ሕግ ተማሩ፤ በለንደንና በፓሪስ የመድረክን ሥራ አጠኑ፤ የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር መሩ፤ ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ መለሱ፤ በእንግሊዝኛም ተውኔት ጻፉ። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ሲቀበሉ ገና የ29 ዓመት ወጣት ነበሩ።

ተበታተኑ እንበል? ስለ አቡነ ጴጥሮስ የጻፉትን «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት»ን እናስብ። አንድን ሰማዕት መድረክ ላይ ለማቆም የግእዝ ተማሪው ዕውቀትም፣ የገጣሚው ጆሮም፣ የመድረክ ሰው ዓይንም ያስፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ቢቀበር ሁለቱም በጎደሉ ነበር።

በካሪቢያን ባሕር፣ በትሪኒዳድ ደሴት፣ እ.ኤ.አ. በ1930 የተወለደው ጄፍሪ ሆልደርም ዳንሰኛ፣ ተዋናይና ሠዓሊ ነበር። የዳንስ ጓዶቹን ይዞ ለመጓዝ ገንዘብ ሲያስፈልገው ሥዕሎቹን ሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ «ዘ ዊዝ» በተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር፣ በአዘጋጅነትም በልብስ ነዳፊነትም፣ ሁለት የቶኒ ሽልማት ተቀበለ። ሥዕሉ የጭፈራውን መንገድ ከፈለ፤ ኋላም መድረኩን አለበሰ።

«እሳቸው ጸጋዬ ናቸው፤ እናንተስ?» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው። እኛ በገና ጀመርን፤ ጣታችን ሲቆስል ወደ ሥዕል ዞርን፤ ሥዕሉ ሲጠጥር ድራማ አማረን። ይህን «ብዙ ተሰጥኦ» ብለን መጥራታችን ያሳፍራል። አበው ተረቱን የተረቱት እንዲህ ላለው ሰው ይመስለናል፤ ሁለተኛውን ዛፍ የሚመኘው ከመጀመሪያው ሲንሸራተት ነውና። ሆልደር ግን ሥዕሉን የሸጠው ለዳንሱ ብሎ እንጂ ዳንሱ ስለ ከበደው አልነበረም።

ስለዚህ ለወላጆቻችን የምንመልሰው ገና አልተሟላም። በገናው ከአዳራሹ ጥግ፣ አንድ ጅማቱ ተበጥሶ፣ ከፋሲካ ጀምሮ ተሰቅሏል። ለትንሣኤ የጀመርነው ድራማ ደግሞ የበገና ድምፅ ይፈልጋል። ጅማቱን ቅዳሜ እንቀይራለን፤ ጣቱ ያልዳነለት ካለ ጨርቅ ጠምጥሞ ይምጣ።