ሳሎኑን ለቤተሰቡ መልሱ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ ጉራራ ስትወጡ ጣሪያዎቹን ቀና ብላችሁ እዩ። በቆርቆሮው ቤትም በቪላውም ላይ ዲሹ ፊቱን ወደ ሰማይ ሰጥቶ ቆሟል። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከሆነማ በየበረንዳው ነው። ከዲሹ ሥር ሳሎን አለ፤ ሳሎኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው የማይነጋገሩ ሰዎች አሉ።

የእኔም ቤት እንዲሁ ነበር። እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ዘንድ ስትሰነብት፣ አንድ ምሽት የጀመረችውን ወሬ ሦስት ጊዜ አቋረጥናት። በመጨረሻ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣችና፣ «ይሄ ሰውዬ ሲጨርስ ጥራኝ ልጄ» ብላኝ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ሰውየው ተዋናይ ነው፤ ድራማው ተከታታይ ነው። ሳልጠራት ተኛች። በሚቀጥለው ወር የዲሹን ክፍያ አላደስኩም።

ቴሌቪዥን ጠላታችን ነው አልልም። በ1957 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ ሥርጭቱ የጥቂት ሰዓት ነበር። አባባ ተስፋዬ ተረት ሲያወሩ የሰፈሩ ልጅ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ይሰበሰባል፤ ተረቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ጣቢያው ራሱ ተሰናብቶ ይዘጋ ነበር። ዛሬ የሚሰናበት የለም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ማሰማት ሲጀምር የኪነ ጥበብ ሰዎቻችን ለሙያቸው ሰግተው ተቃውመው ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። ድራማው የቱርክም ሆነ የሐበሻ፣ የሚበላው ያችኑ ከራት እስከ መኝታ ያለችውን ጊዜ ነው። ቀኑንማ ሥራውና የመገናኛ የታክሲ ሰልፍ ወስደውታል። አባት ልጁን የሚሰማባት ሌላ ሰዓት ከየት ትምጣ?

እናም ወገኖቼ፣ ክፍያው የሚያልቅበትን ቀን ጠብቁና አታድሱት። ነጻ ቻናል የምታዩም ሪሲቨሩን ነቅላችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት። ልጆቹን ግን አስቀድማችሁ አማክሯቸው፤ በቁጣ ከነጠቃችኋቸው ቅጣት ይመስላቸዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፤ ዝምታው ያስጨንቃል። ያን ዝምታ በስልክ አትሙሉት፤ ያለዚያ የለወጣችሁት የመስኮቱን ስፋት ብቻ ነው። ለዜና ሬዲዮ አለ። ኳስ የሚወድ ከጓደኞቹ ጋር ወጥቶ ይመልከት፤ ኳስ ቢያንስ ያልቃል። ቡናው ደግሞ አቦል ላይ አይቅር፣ እስከ በረካ ይዝለቅ። በእኔ ቤት ልጆች የሆዳቸውን የሚያወጡት ስኒው ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀዳ ነው።

እሑድ እሑድ እንጦጦ መውጣት ጀመርን። መጀመሪያ ማርያምን እንሳለማለን፣ ከዚያ የምኒልክን አሮጌ ቤተ መንግሥት አይተን በባሕር ዛፉ መካከል እንወርዳለን። አንድ ቀን ልጄ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችን አይታ፣ «አባዬ፣ እነዚህ የት ነው የሚኖሩት?» አለችኝ። በደጃችን የሚያልፉ ናቸው። ልጄ የባሕር ማዶዋን ተዋናይት ሐዘን ከነምክንያቱ ታውቃለች፤ በራችን ላይ የሚያልፈውን ሸክም ግን አይታው አታውቅም ነበር። አፈርኩ። በእሷ አይደለም ያፈርኩት፤ ዓይኗን ለዓመታት ለስክሪኑ አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አሁን ከእነዚያ እናቶች ጋር ሰላምታ ትለዋወጣለች፤ አንዷን በስሟ ትጠራታለች።

እናቴ ለፋሲካ ተመልሳ መጥታ ነበር። ያን የተቋረጠ ወሬ እንድትጨርስልን ለመንናት፤ አባቴን ያገባችበት ዓመት ታሪክ ነበር። እስከ እኩለ ሌሊት አወራችን።

እናታችሁ ወይም አባታችሁ አሁን ሳሎናችሁ ውስጥ ተቀምጠው ከሆነ፣ ዛሬ ማታ አጥፉትና ጠይቋቸው።